ቅቤ የሌለበት ራሳም

የመሄጃዬ ዋዜማ ምሽት እናቴ አዲስ ጋቢ አጣጥፋ ሻንጣዬ ላይ አስቀመጠች። የምሄደው ወደ ሕንድ፣ ያውም ወደ ደቡቡ እንደሆነ፣ እዚያ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳ በላብ እንደሚጠመቅ ስነግራት ነው የከረምኩት።

«እማ፣ እዚያ እኮ ሙቀት ነው።»

«ይሁን። ሲመሽስ?»

«ሲመሽም ሙቀት ነው።»

«ኧረ ወዲያ! ሲመሽ የማይበርድ አገር ደግሞ የት አለ?»

ሮብ ገበያ ተወልዳ፣ ሮብ ገበያ ተድራ፣ ሮብ ገበያ ልጅ ያሳደገች ሴት ይህን ብትጠይቅ አይፈረድባትም። ከጮቄ የሚወርደውን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በር ዘግታችሁ፣ እሳት አንድዳችሁ፣ እሱ ግን በየት እንደገባ ሳይታወቅ እግራችሁ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ጋቢውን ተቀበልኩ። ቀጥሎ በርበሬ መጣ። ቀጥሎ በሶ፣ ቀጥሎ ሽሮ። ሻንጣው አልዘጋ ሲል ታናሽ እህቴ ጥሩዬ ላዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠችበት። «ወንድምዬ፣ እኔንም ጨምረኝና ይዘኸኝ ሂድ» እያለች ሁላችንንም ታስቃለች። የምሄደው ለማስተርስ ነው። ኬሚስትሪ ተምሬ ማርቆስ አስተምር ነበር፤ የትምህርት ዕድሉ ሲገኝ ሁሉም እሰይ አለ፤ ተምሮ ይመለሳል ተባለ፤ እኔም አምኜበት ነበር።

ሲነጋ እናቴ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስትደርስ ደውል። ስትታመም እንዳትደብቀኝ።» መኪናው ሲነሣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ልቅሶዋን ልትይዝ ይሁን ብርዱን ልትከላከል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

ቼናይ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። ጺሙን አሳምሮ የተላጨ መኮንን የበርበሬውን ከረጢት አንሥቶ ወደ መብራቱ ያዘው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«በርበሬ። ደርቆ የተፈጨ።»

«ቺሊ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ቺሊ።»

ዞር ብሎ ጓደኛውን ጠራ። «ና እስቲ ተመልከት! ይህ ሰው ወደ ሕንድ በርበሬ ይዞ መጣ!»

ጓደኛው ቀረብ ብሎ አየኝ። «እኛ አገር በርበሬ ያለቀ መስሎህ ነው?»

«እናቴ ናት የሰጠችኝ።»

ይህን ስል ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። አንደኛው ከረጢቱን ፈታ አድርጎ አሸተተና እያስነጠሰ መለሰልኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እለፍ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ» አለኝ። በሶው ግን አላለፈም። ዱቄቱ ምን ዱቄት እንደሆነ አስረዳን አሉኝ። ለሚጠራጠር ሰው በሶን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ገብስ ነው፣ ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ይጨበጣል፣ ገበሬና ተማሪ ይበላዋል እያልኩ ሳለሁ የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገባ። በዚያች ደቂቃ አገሬን የለቀቅሁ መሰለኝ።

የሄድኩበት ከተማ ማዱራይ ይባላል። ከባቡር ስወርድ ፊቴን የመታኝ ሙቀት የገብስ መቁያ ምጣድ ላይ እንደ ማጎንበስ ነው። የትምህርት ቤቱ ማደሪያ ሞልቶ ስለነበር ቤት ፍለጋ ዞርኩ። ብዙ በር ላይ «ቬጅ ብቻ» የሚል ተለጥፏል፤ ሥጋ የማይበላ ተከራይ ብቻ ማለት ነው። በመጨረሻ ካማላም የሚባሉ ባሎቻቸው የሞቱባቸው... ባላቸው ማለቴ ነው፣ እንግዳ አገር ሲኖሩ አማርኛም ይደነቃቀፋል፤ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ዘንድ ደረስኩ። ቀይ ነጠብጣብ ያለው ሳሪ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ላይ አበባ ሳይሆን የእርሳስ ቁራጭ ሰክተው በር ላይ ቆሙ። ሊያስገቡኝም ሊመልሱኝም አልቸኮሉም።

«ሥጋ ትበላለህ?»

«እጾማለሁ።»

«መብላትህን ነው የጠየቅሁህ።»

«ረቡዕና ዓርብ አልበላም። በሁዳዴ አልበላም። በፍልሰታ አልበላም። በነቢያት ጾም፣ በሐዋርያት ጾም...»

ጣታቸውን እያጠፉ አብረውኝ ቆጠሩ። «እንግዲያው ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ አትበላም።»

«አዎ።»

«በሚያንሰውስ?»

ምን ልበላቸው? «በሚያንሰው ውጭ እበላለሁ» አልኩ።

«ውጭ ብላ። አፍህንና እጅህን ታጥበህ ግባ» አሉና ጣራ ላይ ያለችውን አንድ ክፍል ከፈቱልኝ።

ሰፈሩ በሙሉ እሳቸውን «አማ» ነው የሚላቸው፤ እናቴ ማለት ነው። እኔ ይህ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ለረጅም ጊዜ «እሜቴ» እንደ ማለት «ማዳም» እያልኩ ቆየሁ። እማ የምላት አንዲት ሴት አለችኝ፤ ለሌላ ሰው ላካፍላት አልፈለግሁም። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ስለ ምግቡ ልንገራችሁ። ጠዋት ሩዝ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። ጠዋት የሚያቀርቡት ነጭ ድቡልቡል እንፋሎት ላይ የበሰለ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፤ የመጀመሪያ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ስበላው እንጀራ ትታው የሄደችው ሽታ መስሎኝ ሳልጨርሰው ተነሣሁ። ያጽናናኝ ነገር ቢኖር በቀኝ እጅ መብላታቸው ነው። በማንኪያ ብላ እያሉ ከሚያስጨንቁበት አገር ይህ ይሻላል። ግን አንድ ላይ ቀርበው ከአንድ ገበታ አይበሉም፤ ለየብቻ ነው። ጉርሻ የለም። አንድ ቀን አንድ የክፍል ጓደኛዬን ላጉርሰው ብዬ እጄን ብዘረጋ ልመታው የመጣሁ ይመስል ወደ ኋላ አፈገፈገ።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ ታመምኩ። ትኩሳት ነው፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። በዚያ ሁሉ ሙቀት እየተንቀጠቀጥኩ የእናቴን ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ፤ «ሲመሽ የማይበርድ አገር የት አለ?» ያለችው ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳል ሆነ። ሳሌን የሰሙት ካማላም ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው የብረት ኩባያ አቀበሉኝ።

«ራሳም ነው። ጠጣ።»

«ሥጋ የለውም?»

«ሥጋ! እኔ ቤት!» አሉ፤ ኩባያውን መልሰው ሊወስዱት ምንም አልቀራቸውም።

ጠጣሁት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቀጭን ነው፣ ሾርባ ይባል እንጂ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ኮምጣጣ ነው። ከኮምጣጣው ኋላ ቁንዶ በርበሬው ይመጣል፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ ሰናፍጩ። ስልጆ ታውቃላችሁ አይደል? እናቴ በሁዳዴ የምትሠራው ሰናፍጩ አናት ድረስ የሚወጣ ስልጆ፣ እሱ ቀጥኖና ሞቆ ቢመጣ እንዲህ በሆነ። ላብ አጠመቀኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ያጣሁት ነገር ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ በሽታዬን አይቶ ሳልጠይቅ የሚያመጣልኝ ሰው ነው ያጣሁት። አለቀስኩ። ካማላም ያቃጠለኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ላኩልኝ፤ እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜን እየዋልኩ በየቀኑ ጠጣሁ። ጾሜን እንዲህ ያለምንም ችግር የያዝኩበት ዘመን የለም ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። አገሩ ሁሉ ጾመኛ፣ ሾርባው የጾም፣ ምን ይጎድለኛል? አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አፍንጫዬ ተከፈተ። ኩባያው ገና ደረጃው ላይ ሳለ አንድ ሽታ ቀድሞት መጣ። የጎጃም ሰው ብዙ ነገር ያምልጠው እንጂ ይህ ሽታ አያመልጠውም።

«አማ» አልኳቸው። የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድንጋጤው ነው ያስባለኝ። «ይህ ላዩ ላይ የተንሳፈፈው ምንድን ነው?»

«ጊ ነው።»

«ጊ ከምን ይሠራል?»

«ከላም ወተት ነዋ። ንጹሕ ነው! ራሴ ነኝ ያነጠርኩት።»

ንጥር ቅቤ! በሁዳዴ! ያውም በየቀኑ፣ ያውም «ዛሬስ ደግሞ ይጣፍጣል» እያልኩ! ኩባያውን እንደ እሳት አስቀመጥኩት። ካማላም ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው? የኔ ላም ቆሻሻ ናት?»

«አይ፣ አይ፣ ጾም ነኝ። ቅቤ አልበላም።»

«ሥጋ ነው የማትበላ።»

«ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም አልበላም። ከእንስሳ የሚገኝ ሁሉ ይጾማል።»

ወገባቸውን ይዘው አዩኝ። «ቆይ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ። ጾሙ ሲፈታ ላሟን ትበሏታላችሁ። በጾሙ ጊዜ ግን ቅቤዋን ትፈሩታላችሁ?»

ምን ይመለሳል? ለእሳቸው ላሟ እናት ናት፣ ወተቷ ጸሎት ላይ የሚቀርብ ነው፤ ከእሱ የሚነጻ ነገር አያውቁም። ለእኔ ቅቤ ፋሲካ ነው። ሥጋ የለውም ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ የለውም አሉኝ፣ ሁለታችንም እውነት ተናገርን።

እናቴ ዘንድ ደወልኩና ነገርኳት። ሳቋ ለሮብ ገበያ ሁሉ ይሰማል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልሳቀችም።

«ለአባ ንገሪልኝና ምን ላድርግ በያቸው» አልኳት።

«እነግራቸዋለሁ። ታመህ ነበር ማለት ነው?»

«እ?»

«አፍንጫህ ተደፍኖ ነበር አላልክም? ቅቤ ሳይሸትህ እስኪቀር ድረስ ታመህ ለእኔ አልነገርከኝም። እንዳትደብቀኝ አላልኩህም?»

ቅቤውን እሷ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የንስሐ አባታችን ግን ቆጥረውታል፤ ስቀው ሲያበቁ ስግደት አዘዙልኝ። ጣራ ላይ በማዱራይ ፀሐይ ስሰግድ ያዩ ጎረቤቶች ስፖርት የምሠራ መስሏቸው አደነቁኝ።

ካማላም ተቀየሙ ብዬ ስፈራ በማግሥቱ ኩባያው መጣ። «በዘይት ነው። የላሜ እጅ የለበትም» አሉኝ ሳይስቁ። እስከ ፋሲካ ድረስ ለእኔ ብቻ ለብቻው በዘይት ሠሩልኝ። ለጎረቤቶቻቸውም ቅቤ የሚፈራ ተከራይ አለኝ እያሉ አወሩብኝ። አንድ ቀን ግን «እኔ አርጅቻለሁ፣ ደረጃው ገደለኝ። ውረድና ራስህ ሥራ» ብለው ማጀታቸው አስገቡኝ። እኔ፣ የሮብ ገበያ ወንድ ልጅ፣ ማጀት ገብቼ ሽንኩርት ስልጥ እናቴ ብታይ ቤት የተቃጠለ ይመስላት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሎሚ የምታክል ሮቃ፣ ያችን ቡናማ ኮምጣጣ የቆላ ፍሬ ማለቴ ነው፣ ሞቅ ባለ ውሃ ትዘፈዝፋላችሁ፤ ስትለሰልስ በእጅ አሽታችሁ ጭማቂዋን ታወጣላችሁ። እሱን ከተጨፈለቀ ቲማቲም፣ ከእርድና ከጨው ጋር ታፈላላችሁ። በሌላ በኩል ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ ትወቅጣላችሁ፤ ልም አይበል፣ ገመስ ገመስ ይበል። እሱን ትጨምራላችሁ። ክክ የተቀቀለበትን ቀጭን ውሃ ታፈሱበታላችሁ። ከዚያ ትቆማላችሁ፤ ከአጠገቡ አትሄዱም። ጠርዝ ጠርዙን አረፋ ሲያወጣ፣ ሳይንፈቀፈቅ፣ ታወርዱታላችሁ። በመጨረሻ ዘይት አግላችሁ ሰናፍጭ ትጨምሩና እስኪፈነዳ ትጠብቃላችሁ፤ ደረቅ ዛላ በርበሬና ካሪ የሚሉትን ቅጠል ታክላላችሁ፤ ያን ሁሉ ከነጩኸቱ ላዩ ላይ ትደፋላችሁ።

«ጨዉስ ይበቃዋል?» ብዬ ማንኪያ ሳነሣ ካማላም እጄን መቱኝ።

«አይቀመስም! መጀመሪያ ለአምላክ ነው የሚቀርበው። የተቀመሰ ነገር አይቀርብም።»

ከሠሩት ሁሉ ትንሽ ቆንጥረው ማጀቱ ጥግ ካለው ሥዕል ፊት ሳያስቀምጡ አንዲት ጠብታ ምላሳቸው ላይ አይደርስም። ይህን ሳይ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ በሁዳዴ እንዲሁ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ሠርታ ታወርዳለች፣ አትቀምስም። ክዳኑን ገልጣ እንፋሎቱን ትስብና «ጨው ይፈልጋል» ትላለች። ቆንጥራ ትጨምራለች፤ አንድም ቀን ሲበዛ ወይም ሲያንስ አላየሁም። ለካማላም ነገርኳቸው። ብዙም አልገረማቸውም፤ «ታዲያ እንዴት አድርጋ ልታውቅ ኖሯል?» አሉና የራሳቸውን ክዳን ገልጠው አሸተቱ። እኔ ለዚህ አልታደልኩም፤ በማንኪያ ለክቼ ነው የምጨምር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ዓመትን ተካ። ማስተርሱ አለቀ። አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ትንሽ ይዤ እመለሳለሁ አልኩ። ከዚያ አገር ቤት ነገር ተበላሸ። መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚጠፋበት፣ ሰው ከማርቆስ አጠገቧ ያለችው አማኑኤል ለመሄድ ስንት ጊዜ የሚያስብበት ዘመን መጣ። የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ወራት ያለፉበት ጊዜ አለ። ዓርብ ዓርብ ስልኩን እሞክራለሁ፣ አይነሣም፤ ማጀት ገብቼ ራሳም እሠራለሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ዘንድሮ በሁዳዴ መግቢያ ስልኩ ተነሣ። ጥሩዬ ናት። ማርቆስ ነን አለችኝ። እናቴን ለሕክምና አምጥታት አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። በሽታው አልፏል፣ መድኃኒቱን ጨርሳለች፤ ምግብ ግን እምቢ ብላለች።

«ሐኪሙ ካልበላች ምንም ላደርግ አልችልም አለ» አለችኝ ጥሩዬ። «ክንዷ የሕፃን ክንድ ሆኗል፣ ወንድምዬ። እየሄደች ነው።»

አባ ራሳቸው መጥተው በሽተኛ አይጾምም፣ ብዪ ብለዋት ነበር። «አልበላም ያልኩት ለጾሙ አይደለም» ብላቸዋለች። «የሚበላ ነገር ሁሉ አፈር አፈር ይለኛል።» ጾሙን ግን ለማንም ብላ አልፈታችም።

በማግሥቱ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሄድኩ። ፈቃዴ እድሳት ላይ ነበር።

«እናቴ ታማለች፣ ለጥቂት ቀን ሄጄ ልምጣ» አልኩት ጠረጴዛው ኋላ ለተቀመጠው ሰው።

«ሂድ፤ ማን ከለከለህ?»

«ስመለስ ታስገቡኛላችሁ?»

«እሱን አላውቅም።»

«ካልሄድኩስ፣ ፈቃዱ ይታደስልኛል?»

«እሱንም አላውቅም» አለና የሻይ ብርጭቆውን አነሣ። «የማውቀው እዚህ መቀመጤን ብቻ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ውጭ ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ደግሞስ ብሄድ? አዲስ አበባ እደርስ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ የሚነግረኝ ሰው የለም። ደመወዜ ላይ ነው የእናቴ ሕክምና የቆመ። እናቴ እየሄደች ነው፣ እኔ እዚህ የጨርቅ ቀለም እለካለሁ። እግዚአብሔርን ተቆጣሁት፤ ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው።

ያን ማታ ለካማላም ነገርኳቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ማጀቱን እኔ ነኝ የማስተዳድረው። «አንተ ስትታመም ምን ነበር የሰጠሁህ?» አሉኝ።

ራሳም ሥሪላት ብዬ ለጥሩዬ ስነግራት የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«አንተ ነህ እንግዲህ ወጥ የምታስተምረኝ?»

«ወጥ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቀጭን ነው፤ ኮምጠጥ ያለ፣ የሚያቃጥል...»

«ውሃ ነው በለኛ! ለታመመች እናታችን ኮምጣጣ ውሃ ላጠጣት?»

«ሠርተሽ እያት፤ ስትቀምሽው ይገባሻል።»

«አልቀምስም፣ ጾም ነው።»

እህቴ እሺ ማለቷን የምታሳውቀው በንዴት ነው። በማግሥቱ ገበያ ወጣች። ቁንዶ በርበሬውም፣ ከሙኑም፣ ሰናፍጩም ቤት አለ። ሮቃው ግን ደጋ ላይ ከየት ይምጣ? ሱቅ ለሱቅ ስትዞር አንድ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ደረሰች። ከዓባይ በረሃ የመጣላቸው ነበር።

«ይኸን ለምን ፈለግሽው፣ ልጄ?» አሏት።

«እናቴ ምግብ እምቢ ብላለች። ወንድሜ ሕንድ አገር ነው፣ ሾርባ ሥሪላት ብሎኝ።»

«እኛም ሰሞኑን ማታ ማታ ለማፍጠሪያ እንበጠብጠዋለን» አሉ፤ የእነሱም ጾም ነበር። ከለኩት ላይ አንድ እፍኝ ጨመሩላትና «አላህ አፏን ይክፈትላት» ብለው ሸኟት።

ካሪ ቅጠል የለም። ያለሱ ይሁን አልኳት። ዓርብ ዕለት ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ማርቆስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል እዚህ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ትላለች። እኔም እሳት ለኮስኩ፤ እሷ ስትሠራ አብሬያት ልሠራ ብዬ፣ ምን እንደሚረሳ እጄ እንዲያስታውሰኝ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ሙቀጫው አጠገብ ተቀምጧል። ካማላም ወንበራቸው ላይ ሆነው አንድም ቃል ሳይገባቸው በጉጉት ያዳምጣሉ።

«ቀለሙ ጭቃ መሰለ» ትላለች ጥሩዬ።

«ልክ ነው፣ ጭቃ ይመስላል።»

«አረፋ አወጣ!»

«አውርጂው! አሁኑኑ!»

«ኧረ አትጩህብኝ!»

ቀጥሎ ሰናፍጩ ዘይት ውስጥ ሲፈነዳ ሰማሁ። ጣ፣ ጣጣ፣ ጣ። ማርቆስ ላይ፣ እናቴ የተኛችበት ክፍል ውስጥ፣ ይህ ድምፅ! ማንም ቢስቅብኝ ይሳቅብኝ፣ ያን ጊዜ እዚያ ያለሁ መሰለኝ። እጄን ብዘረጋ የአልጋዋን ጠርዝ የምነካ ነው የመሰለኝ።

«ይህ የሚንጣጣው ምንድን ነው?» አለ አንድ ድምፅ ከሩቅ። እናቴ ናት። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«የልጅሽ ወጥ ነው» አለች ጥሩዬ።

«የማን ልጅ?»

«እማ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ይበልጣል ነኝ። ሾርባ ነው፣ ቅመሺልኝ።»

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ ያሠራኋት።»

«ቅቤ የለበትም?»

«የለበትም፣ እማ።»

«እንጃ። አንተ በቅቤ ነገር አትታመንም።»

ጥሩዬ ስታቃናት ተሰማኝ፤ አልጋው ሲንቋቋ፣ ኩባያው ከማንኪያ ሲጋጭ። ከዚያ ዝም ተባለ። ካማላም ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ለየትኛው አምላካቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኔም በልቤ የማርቆስን ታቦት ጠራሁ። አልወደደችውም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

«ጨው አንሶታል» አለች እናቴ።

«ምን አልሽ?» ጥሩዬ ናት።

«ጨው አንሶታል አልኩሽ። ሳታሸቺ ነው እንዴ ያወረድሽው? ጨው አምጪ።»

ጥሩዬ ማልቀስ ጀምራለች። አፈር አፈር ይለኛል ስትል የከረመች ሴት! ስልኩን አፌ ላይ አስጠግቼ «እማ!» አልኩ። «እማ፣ ጨው ጨምሪና ጠጪው፣ እሺ? ሁሉንም ጠጪው።»

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉን ሳላገኘው መስመሩ ተቆረጠ።

ደግሜ ደወልኩ። ሊያገኟቸው አይችሉም አለችኝ ያቺ የማትታክት የስልኩ ሴት። ደግሜ ደወልኩ። ደግሜ ደወልኩ። ካማላም «በላች?» አሉኝ። «ጨው አንሶታል አለች» አልኳቸው። በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ፤ ገብቷቸዋል።

ውጭ መሽቶ መብራት በራ። ያን ኩባያ ጨርሳው ይሁን አስቀምጣው አላውቅም፤ ስልኩ እስካሁን አልተነሣም፣ ጥያቄዋንም አልመለስኩላትም። የሠራሁት ራሳም ምድጃው ላይ ቀዝቅዞ ነበር። በኩባያ ቀድቼ ቀመስኩት። ጨዉ ልክ ነው። የጨው ዕቃውን ከፈትኩና አንድ ቁንጥር ጨመርኩበት።